ይታሸግ ከተባለ ጠርሙሱ ይታሸግ እንጂ ቤቱ አይታሸግ

«ማሸግ» የሚለው ቃል በከተሞቻችን ሁለት ሥራ ይዟል። ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ ላይ ቆርኪ መግጠም ነው። መንደር ውስጥ ደግሞ ደንብ አስከባሪ መጥቶ በር ላይ የሚለጥፈው ወረቀት ነው። ቢራ ፋብሪካው በመጀመሪያው ትርጉም ሲያሽግ ይውላል፤ ጠላ ሻጯ በሁለተኛው ትርጉም እንዳትታሸግ ስትሳቀቅ ትውላለች። የሚሸጡት ግን ያው አልኮል ነው። የፋብሪካው ጠርሙስ ላይ ስንት በመቶ እንደሆነ ተጽፏል፣ የሴትየዋ ጀሪካን ላይ ምንም አልተጻፈም። ጣጣው ሁሉ ያለው እዚያች ባልተጻፈች ቁጥር ላይ ነው።

መልካ ጀብዱን እንይ። ከድሬዳዋ መሐል ከተማ ወጣ ብላ የቆመች፣ ለረጅም ጊዜ ማንም ልብ ያላላት ሰፈር ነበረች። በመስከረም 2009 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር አዲሱን ጣቢያውን በዚያ አቅጣጫ ይዞ መጣ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተከተለ። በነሐሴ 2014 ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያ የተባለው ነጻ የንግድ ቀጣና ሥራ ጀመረ ተብሎ ሪባን ተቆረጠ። ሪባን በሚቆረጥበት ቦታ ሁሉ ከባለሥልጣኑ ጀርባ ሌላ ሰልፍ አለ፦ ግንበኛ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የከባድ መኪና ሹፌርና ረዳቱ፣ ዘበኛ፣ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ። ማታ ሲሆን እነዚህ ሰዎች ይጠማቸዋል። የቢራ ዋጋ ከቀን ሠራተኛ ኪስ ጋር ከተቆራረጠ ቆይቷል። ሠራተኛ በተሰበሰበበት ደግሞ ጠላ የሚጠምቅ ሰው አይጠፋም፤ ይህ የመልካ ጀብዱ ብቻ ሳይሆን ግድብም ሆነ መንገድ ሲሠራ በአገሪቱ ሁሉ የታየ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ግን ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። አንደኛው ሙቀቱ ነው፤ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። ደጋ ላይ ቀናት የሚፈልግ ጥንስስ እዚህ ቸኩሎ ይነሳል፣ ቸኩሎም ይኮመጥጣል። ሁለተኛው ጨብሲ ነው። ከሰዓቱን ሲቅም የዋለ ሰው ምርቃናውን ለመስበር ማታ የሚጠጣው መጠጥ በዚህ ስም ይጠራል። ጨብሲ ፈላጊ ለጣዕም አይጨነቅም። ቶሎ የሚይዘው፣ እንቅልፍ የሚያመጣለት ነገር ነው የሚፈልገው። ምርቃና ላይ ስለሆነም የጠጣው እንደያዘው ቶሎ አይታወቀውም፤ ይጨምራል።

አሁን አንዲት ጠላ ሻጭ እናስብ። ስም አንሰጣትም፤ እንደ እሷ ያሉ ብዙ ናቸው። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሙሉ ጠላ አላት። ግማሹን ቤቷ ለሚቀመጡ በጣሳ ትቀዳለች፣ ግማሹን ይዘው ለሚሄዱ በሃይላንድ ትሞላለች። ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነውና ደንበኛዋ በዕድሜ ብትበልጠውም ፊት ለፊት ይናገራታል፦ «አንቺ፣ ይሄ እኮ ውሃ ነው!» ነገ ሌላ ቤት ይሄዳል። ሌላኛዋ ሻጭ ጠላዋ «ይመታል» የሚል ዝና አላት። ለምን እንደሚመታ የሚጠይቅ የለም። የመጀመሪያዋ ሴት ሁለት መንገድ አላት፦ ወይ ደንበኛዋን ማጣት፣ ወይ እሷም የሚመታ ነገር መጨመር። አንድ ኩባያ አረቄ ጣል ማድረግ ቀላል ነው። አረቄ ካልተገኘ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ በጠርሙስ የሚዞር አልኮል አለ።

ሰፈሩ የሚናደደው ግን በተገላቢጦሽ ነው። ውሃ የጨመረች ሻጭ «አጭበርባሪ» ትባላለች፣ አረቄ የጨመረች «ባለሙያ»። ይህ ፍርድ ከሥሩ የተሳሳተ ነው፣ የሰውንም ጤና የሚያስከፍለው እሱ ነው።

የጠላ ሙያ ማለት ውሃ የመጨመር ሙያ ነው። ጌሾውና ብቅሉ ተጠንስሶ፣ ቂጣው ወይም እንኩሮው ገብቶበት ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ነው። ከመቀዳቱ በፊት ውሃ ይሞላበታል፤ ስንት ውሃ፣ ስንት ሰዓት ቀድሞ የሚለውን የምታውቅ ሴት ናት ባለሙያ የምትባለው። ውሃ ሳይበዛበት የተጠለለው ፊልተር ይባላል፤ ለክቡር እንግዳ ነው። የጠላው ዋና ክፍል ከተቀዳ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ተሞልቶ የሚወጣው ደግሞ ቅራሪ ነው፤ ቀላል ነው፣ ጥም ይቆርጣል። ጠጅ ቤትም ቢሆን ገና ሳይፈላ የሚጠጣው የማርና የውሃ ድብልቅ ብርዝ የሚል የራሱ ስም አለው። አባቶችና እናቶች ለእያንዳንዱ ጥንካሬ ስም አውጥተው ነበር። ቅራሪን ፊልተር ነው ብሎ የሸጠ ሰው ነው አጭበርባሪ የነበረው። ቅራሪን ቅራሪ ብሎ መሸጥ ነውር አልነበረም። ዛሬ በሃይላንድ ሲሞላ ሁሉም «ጠላ» ነው። ስሞቹ ጠፉ፣ በእነሱ ቦታ ቁጥርም አልገባ።

ፋብሪካዎቹስ? በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ቢራ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ቢራውን መጀመሪያ ጠንካራ አድርገው ይጠምቁታል። ከዚያ ኦክስጅኑ የወጣለት ንጹህ ውሃ ጨምረው ወደሚፈልጉት መቶኛ አውርደው ያሽጉታል። በዚህ ዘዴ በዚያው ጋን ብዙ ቢራ ይወጣል፣ ማገዶና ቦታ ይቆጠባል። ፋብሪካ ውሃ ሲጨምር ቴክኖሎጂ ተባለ፣ ሴትየዋ ስትጨምር ሌብነት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ፋብሪካው ከመጨመሩ በፊትና በኋላ መለካቱ ብቻ ነው።

ሒሳቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ነው። ሃያ ሊትር፣ 8 በመቶ የሆነ ፊልተር አለ እንበል። ወደ 5 በመቶ ለማውረድ 20ን በ8 ማባዛት፣ ለ5 ማካፈል፤ 32 ሊትር ይመጣል። ስለዚህ የሚጨመረው ውሃ 12 ሊትር ነው። ሴትየዋ በሐቅ ስታቀጥን 20 ሊትሩ 32 ሆነላት። ዋጋውን እንደ ጥንካሬው ብታደርገው ጠጪውም አልተበደለም። «ይሄ 5 ነው፣ ያ 8 ነው፤ ዋጋቸው ይለያያል» ማለት የምትችል ሻጭ «ውሃ ነው» ለሚላት ሰው መልስ አላት። የምታሳየው ነገር ይዛለች። ጠላዋን በአረቄ ለማስመታት የሚገፋፋት ግፊት ግማሹ እዚህ ላይ ይረግፋል።

ቁጥሩ ለጠጪው ምን ያህል እንደሚለውጥበት ደግሞ እንይ። ተራ ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል አለው፤ ፊልተር 5 እና 6 ይደርሳል። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ በ5 በመቶ ሲሰላ 13 ግራም ገደማ ንጹህ አልኮል ይዟል። አንድ ሊትር በሚይዝ ጣሳ 3 በመቶ ጠላ የጠጣ ሰው 24 ግራም ወስዷል፤ ሁለት ቢራ አይሞላም። ያው ጣሳ፣ ያው መልክ፣ ያው የጌሾ ምሬት ሆኖ አረቄ ገብቶበት 8 በመቶ ቢሆን 63 ግራም ነው። አምስት ቢራ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ጠጪው ግን የቆጠረው «አንድ ጣሳ» ብሎ ነው። ነገ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ወደ ጅቡቲ የሚነዳ ሹፌር ሊሆን ይችላል።

ይህ ግምት የተጋነነ የሚመስለው ካለ፣ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙትን የጠጅ ጥናት ያስታውስ። 200 የጠጅ ናሙና መርምረው የአልኮሉ መጠን ከ2.7 እስከ 21.7 በመቶ ሲዋልል አገኙት። ሁሉም «ጠጅ» ነው። አንዱ ከቀላል ቢራ ያነሰ፣ ሌላው ከወይን ጠጅ የሚበልጥ። ተራ እርሾ ደግሞ አልኮሉ 14 እና 15 በመቶ ሲደርስ ራሱ በሠራው መርዝ እየተዳከመ የሚሄድ ፍጡር ነው፤ ጠንካራ ከሚባሉትም ብዙዎቹ 18 አካባቢ ላይ ይቆማሉ። 21 በመቶ የሆነ ጠጅ ሲገኝ ታዲያ ቀሪውን ማን ጨመረው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በማር ፋንታ ስኳርና ቀለም የሚጨምሩ እንዳሉ አገር ያወቀው ነው፤ ስለ አልኮሉ ግን ማንም አያወራም።

ወደ ላይ ማስተካከል ለምን እንደሚያስፈራ ግልጽ መሆን አለበት። ውሃ ስትጨምር የምታውቀውን ነገር ነው የምትጨምረው። አልኮል ስትጨምር የሌላ ሰው ሥራ ነው የምትጨምረው። ያ ሰው የጨመረው ሜታኖል ቢሆን በመልክ፣ በሽታ፣ በክብደት የሚጠጣውን አልኮል ይመስላል። የክብደት መለኪያ እንኳን አይለየውም፣ የሁለቱ ክብደት እጅግ ተቀራራቢ ነውና። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። እዚህ ላይ መለኪያ ሳይሆን ክልከላ ነው የሚያስፈልገው፦ ጠላና ጠጅ ላይ ከውጭ የመጣ አልኮል መጨመር በምንም መቶኛ አይፈቀድ። ቁጥሩ የሚጠቅመው ይህን ክልከላ ለማስከበር ነው፤ 9 በመቶ የሚያሳይ «ጠላ» ሲገኝ ጥያቄ ይነሳል።

«እኛ በክብሪት እናውቃለን» የሚል አይጠፋም። አረቄው ላይ ክብሪት ሲጫር ሰማያዊ ከነደደ ጥሩ ነው ይባላል። እንግሊዞችም በድሮ ጊዜ በዚህ ዓይነት ፈተና ነበር ቀረጥ የሚቀርጡት፤ መጠጡን ባሩድ ላይ አፍስሰው ይነዳል አይነድም ብለው። ኋላ ተዉት፣ ምክንያቱም ፈተናው ሙቀት ሲቀየር ይቀየራል። 40 በመቶ የሆነ አረቄ እሳት ለመያዝ 26 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል፣ 30 በመቶ የሆነው ደግሞ 29 አካባቢ። አዲስ አበባ ብርድ ላይ አልነድ ያለ አረቄ መልካ ጀብዱ በ33 ዲግሪ ቦግ ይላል። ክብሪቱ ድሬዳዋ ላይ ይዋሻል። ስለ ሜታኖልማ ጨርሶ አይናገርም፤ እሱም ይነዳልና።

መለኪያው ምንድን ነው? ለጠጅ ነገሩ ቀላል ነው። ሃይድሮሜትር የሚባል የብርጭቆ ተንሳፋፊ አለ፤ ሞተር የለው፣ ባትሪ የለው። ማሩና ውሃው ሲበጠበጥ ይነከርበታል፣ ፈልቶ ሲያልቅ እንደገና ይነከርበታል። መጀመሪያ 1.090፣ መጨረሻ 1.010 ቢያነብ ልዩነቱ 0.080 ነው፤ በ131 ሲባዛ 10 በመቶ ተኩል ገደማ አልኮል ማለት ነው። በዓለም ዙሪያ ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ሁሉ ከማሸጋቸው በፊት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ለጠላ ግን ይህ መንገድ አይሠራም፤ ይሠራል የሚል ባለሙያ ጠላ ሲጠመቅ አላየም ማለት ነው። ጠላ በየደረጃው ነው የሚገነባው። ጥንስሱ ሲፈላ እንኩሮው ገና አልገባም፣ እንኩሮው ሲገባ ውሃው ገና አልተሞላም። «መጀመሪያ ላይ ስንት ነበር» ተብሎ የሚነበብ ነጥብ የለውም፤ ድፍድፉም ወፍራም ስለሆነ ተንሳፋፊውን አያንሳፍፍም። ለጠላ የሚሆነው ሌላ ነው፦ ከተጠለለው ጠላ 100 ሚሊ ሊትር ወስዶ በትንሽ ማጣሪያ እንደ አረቄ ማውጣት፣ የወጣውን በንጹህ ውሃ እንደገና 100 መሙላት፣ ከዚያ አልኮል መለኪያ መንከር። አረቄ የምታወጣ ሴት ይህን ለማስተማር የሚመጣውን ባለሙያ ራሷ ልታስተምረው ትችላለች። አንድ ነገር ብቻ ትማራለች፦ ከመለካቷ በፊት ማቀዝቀዝ። መለኪያዎቹ አብዛኞቹ ለ20 ዲግሪ የተሠሩ ናቸው። በ30 ዲግሪ ንጹህ ውሃ ውስጥ የተነከረ አልኮል መለኪያ ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ አልኮል ያለ አስመስሎ ያሳያል። ድሬዳዋ ላይ ሳያቀዘቅዝ የለካ ሰው ቅራሪን ጠላ አድርጎ ይመዘግባል።

ከዚያ በኋላ የማሸጉ ነገር አለ፣ እዚህም ላይ መታለል አይገባም። ጠላ ሕይወት አለው፤ ሃይላንድ ውስጥ ተከድኖም ይፈላል። በሊትር 10 ግራም ስኳር ብቻ ቢቀርበት እርሾው ከዚያ 5 ግራም ገደማ ጋዝ ያወጣል፤ ይህ አንድ መደበኛ ቢራ ውስጥ የሚገኘውን ያህል ነው። አልኮሉም ከግማሽ በመቶ በላይ ይጨምራል። ጠዋት «4 በመቶ» ተብሎ የተለጠፈ ጠርሙስ ማታ 4 ተኩል አልፏል፣ የቀረው ስኳር ከበዛ ደግሞ ይነፋል፣ ክዳኑን ይወረውራል፣ ብርጭቆ ከሆነ ይፈነዳል። ደቡባዊ አፍሪካ ውስጥ በካርቶን የሚሸጠው ቺቡኩ የተባለ የማሽላ ቢራ በዚህ ይታወቃል፤ ከተሸጠ በኋላም መብላላቱን ስለማያቆም እንደ ቆየበት ቀን ጥንካሬው ይለያያል፣ ጠጪዎቹም ይህን አውቀው ይገዙታል። ስለዚህ የጠላ ጠርሙስ ላይ ከመቶኛው ጎን የታሸገበት ቀን ካልተጻፈ ቁጥሩ ግማሽ እውነት ነው።

ማቅጠኛው ውሃም ይፈላ። ድፍድፉ ሲበስልና ሲኮመጥጥ ብዙ ተባይ ይገድላል፤ መጨረሻ ላይ የሚሞላው 12 ሊትር ግን እንደመጣ ነው የሚጠጣው። ኮሌራ በአገሪቱ ደጋግሞ በታየባቸው በእነዚህ ዓመታት ይህን ችላ ብሎ ስለ መቶኛ ብቻ ማውራት ቧልት ይሆናል።

መንግሥትስ እስካሁን ምን አደረገ? በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ከለከለ። በ2012 የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 መጣ፤ የቢራ ዋጋ ላይ ያደረገውን ጠጪ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱም አዋጆች ዓይናቸው ፋብሪካ ላይ ነው። ቢራ ሲወደድ ጠጪው ወዴት እንደሚሄድ ያሰበ ግን የለም። ወደ ጀሪካኑ ነው የሚሄደው። አዲስ አበባ ላይ ትራፊክ ፖሊስ የሹፌሩን ትንፋሽ በመሣሪያ ይለካል። የጠጪው ሳንባ ይለካል፣ የሻጩ ጋን አይለካም። ሹፌሩ ስንት እንደጠጣ ማወቅ የነበረበት ማታ ሲጠጣ እንጂ ጠዋት ፖሊስ ሲያቆመው አልነበረም።

የአካባቢ አስተዳደር የሚያውቀው መሣሪያ ደግሞ ወረቀትና ሙጫ ነው። ጩኸት ሲበዛ፣ ጠብ ሲነሳ ቤቱ ይታሸጋል፣ ጋኑ ይደፋል። ሴትየዋ ሁለት መንደር አልፋ እንደገና ትጠነስሳለች፤ አሁን ግን ተደብቃ። ተደብቆ የሚሸጥ መጠጥ ደግሞ በጥራዝ አይሸጥም፣ በጥንካሬ ነው የሚሸጠው፦ ለመደበቅ ትንሽ፣ ለመያዝ ብርቱ የሆነ ነገር። ጠላ ሻጭ በዘመቻ ብዛት አረቄ ሻጭ የምትሆነው እንዲህ ነው።

መቃወሚያዎቹ ይሰሙ። ከነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ሙስሊሞች በሆኑባት ድሬዳዋ «ቁጥር ለጥፋችሁ ሐራሙን ልታስውቡት ነው?» የሚል ጎረቤት ቢነሳ ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀው። የማይጠጣው ሰው ነው ሌሊቱን በጩኸት የሚነቃው፣ ጠዋት የአጥሩን ሥር የሚያጥበው። ለእሱ መቶኛ ምኑ ነው? መልሱ ሁለት ነው። መጠጥ ቤት ከመስጊድ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከመኖሪያ በር ምን ያህል ይራቅ የሚለውን የመወሰን መብቱ ሊከበርለት ይገባል፣ ይህ ከመለኪያው ጋር አይጋጭም። ሁለተኛው፣ ጎረቤቱን የሚረብሸው 3 በመቶ የጠጣ ጥማተኛ አይደለም፤ ጠላ መስሎት የተደበቀ አረቄ የጠጣ ሰው ነው።

«ጠላ ባህል ነው፣ ቁጥር አትለጥፉበት» የሚለው መቃወሚያ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ለማኅበር፣ ለድግስ፣ ለደቦ የሚጠመቅ ጠላ ላይ ማንም ቁጥር ይለጠፍ አላለም። ቁጥሩ ለሚሸጠው ነው፤ ባህሉም ራሱ ፊልተርና ቅራሪ ብሎ መለየት ያውቅ ነበር።

የኬንያ ነገር ግን ከባድ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ለዘመናት የተከለከለውን ቻንጋአ የተባለ የቤት አረቄ ሕጋዊ አደረገች፤ በብርጭቆ ጠርሙስ ይታሸግ፣ ምልክት ይለጠፍበት አለች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት ወር እ.ኤ.አ. 2014፣ በአሥሮች የሚቆጠሩ ኬንያውያን በሜታኖል የተበከለ መጠጥ ጠጥተው ሞቱ፤ ዓይናቸው የጠፋም አሉ። ሕጉ ጠርሙስ አዘዘ፤ ጠርሙሱንና ፈቃዱን የሚገዛ ገንዘብ ግን ለትንሿ ጠማቂ አልነበራትም። የገባው ገንዘብ ያለው ሰው ነው፣ እሱም ርካሽ አልኮል ገዝቶ በታሸገ ጠርሙስ የሚያከፋፍል ሆነ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት «አታሽጉ» አይደለም፤ ማሸግን ከመለካት አታስቀድሙ ነው። ምልክት የሌለው ጀሪካን ጠርጥረህ ትጠጣለህ፤ ያልተለካ ግን ያማረ ጠርሙስ አምነህ ነው የምትጠጣው።

ድሬዳዋ ላይ ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ አላት። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከምግብ ሳይንስ ትምህርት ክፍሉ ጋር ከአንድ ሰዓት መንገድ ብዙም አይርቅም። ሐረር ላይ ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 የገዛው ቢራ ፋብሪካ አለ፤ እዚያ ይህ ልኬት የየቀኑ ሥራ ነው። መልካ ጀብዱ ጤና ጣቢያ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማቀዝቀዣ፣ ትንሽ ማጣሪያ፣ ጥቂት መለኪያና በሳምንት ሁለት ቀን የሚቀመጥ አንድ የላብራቶሪ ሰው። ጠማቂዋ ናሙናዋን ይዛ ትመጣለች፣ ቁጥሯን ይዛ ትሄዳለች፣ ቤቷ ሄዳ አስልታ ታቀጥናለች። ጀሪካኗ ላይ 4 ወይም 5 ትጽፋለች፣ ቀኑን ትጽፋለች። ደንብ አስከባሪው ሲመጣ የሚጠይቀው ቁጥሩንና ቀኑን ነው። ውጭ አልኮል የጨመረች ከተገኘች ያኔ ይቀጣት፣ ያን ጊዜ ማንም አይከራከርላትም።

የመጨረሻው መቃወሚያ የራሷ የጠማቂዋ ነው፣ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው። «ዛሬ ትለኩኛላችሁ፣ ነገ ገቢዎች ይመጣል።» ይህን ፍርሃት የሚያጣጥል ሰው ወይ ግብር ከፍሎ አያውቅም፣ ወይ ደመወዝተኛ ነው። በአገራችን ማንኛውም መዝገብ ዞሮ ዞሮ ግብር ሰብሳቢ እጅ ላይ መውደቁ የታወቀ ነው። በሳምንት ሁለት ጀሪካን የምትሸጥ ሴት ላይ ከፋብሪካ ጋር የሚመሳሰል ቀረጥ ቢጫን ጠረጴዛው በወሩ ባዶ ይሆናል፣ ጀሪካኑም ወደ ጓዳ ይመለሳል። ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት ደንብ የሚያወጣ ከሆነ ከመቶኛውም፣ ከርቀቱም፣ ከቅጣቱም በፊት አንድ አንቀጽ ይጻፍ፦ የልኬቱ መዝገብ ለግብር ሥራ አይውልም፣ ለገቢ መሥሪያ ቤትም አይተላለፍም። ይህ ካልተጻፈ ጠማቂዋ ናሙና ይዛ አትመጣም። ባትመጣም አይፈረድባትም።